ለማርገዝ የሚረዱ መድኃኒቶች፦ እንቁላል የሚለቀቅበትን ጊዜና የእርግዝና ዕድልን እንዴት ይለውጣሉ?

ለአምስት ቀናት ብቻ የሚወሰድ ክኒን ልጅ ፈልገው ያላገኙ በርካታ ጥንዶችን ለወላጅነት አብቅቷል። ይኸው ክኒን ያለ ምርመራ ሲወሰድ ደግሞ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ያለ ውጤት ያስቆጥራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመድኃኒቱ ጥንካሬ ሳይሆን የጥንዶቹ ችግር መድኃኒቱ የሚፈታው ዓይነት መሆን አለመሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቶቹ ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ፣ ቀናት እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ የእርግዝና ዕድል ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዲሁም በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ በተለይም በሚኤሶና አካባቢዋ የሚኖሩ ጥንዶች አገልግሎቱን ከየት መጀመር እንዳለባቸው ያብራራል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ጥንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወራትና ከዚያ በላይ መደበኛ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እያደረጉ እርግዝና አለመፈጠሩ በሚል ነው። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። በመሆኑም ችግሩ የጥቂቶች አይደለም፤ የእርግማን ወይም የአንዱ ወገን ጥፋት ውጤትም አይደለም። ምርመራና ሕክምና ያለው የጤና ጉዳይ ነው።

ዕድሜዋ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሴት 12 ወራት መጠበቅ አይኖርባትም፤ ከ6 ወራት ሙከራ በኋላ መመርመር ይገባታል። የወር አበባዋ የሚዛባ ወይም ጨርሶ የማይመጣ፣ ቀደም ሲል የማህፀን ኢንፌክሽን ያጋጠማት፣ ወይም ባሏ በዘር ፍሬው አካባቢ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ሳይቆጠር ወዲያውኑ ሐኪም ማማከር ይመከራል።

በአንጻሩ ለሦስት ወር የሚያገለግለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ በቅርቡ ያቆመች ሴት ቶሎ አለማርገዟ ሊያስደነግጣት አይገባም። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ የመውለድ አቅም የሚመለሰው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ እርግዝና ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። መርፌው መካን አያደርግም፤ የሚያዘገይ ብቻ ነው።

በተፈጥሮ እንቁላል የሚለቀቀው መቼ ነው?

የወር አበባ ዑደት የሚቆጠረው ደም በግልጽ መፍሰስ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ነው። በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን እንቁላሏን በከረጢቷ ውስጥ ያሳድጋል። እንቁላሏ ስትበስል ሌላ ሆርሞን በድንገት ከፍ ይላል፤ ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላም እንቁላሏ ተለቅቃ ወደ ማህፀን ቱቦ ትገባለች።

ብዙዎች እንቁላል ሁልጊዜ በ14ኛው ቀን እንደሚለቀቅ ያምናሉ። ትክክለኛው አነጋገር ግን ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ይለቀቃል የሚለው ነው። ስለዚህ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት እንቁላል የምትለቀው በ14ኛው ቀን አካባቢ ሲሆን፣ ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት ደግሞ በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው። ዑደቷ በየወሩ የሚለዋወጥ ሴት ቀኑን በቆጠራ ብቻ ማወቅ ያስቸግራታል።

እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም በአንድ ዑደት ውስጥ እርግዝና ሊፈጠር የሚችለው እንቁላል በሚለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናት፣ በድምሩ በ6 ቀናት ውስጥ ነው። ዘሩ እንቁላሏን ቀድሞ መጠበቁ እንቁላሏ ዘሩን ከመጠበቋ ይሻላል።

መድኃኒቶቹ ምን ያደርጋሉ?

እንቁላል በወቅቱ ለማትለቅ ሴት በብዛት የሚታዘዙት ሁለት ክኒኖች ክሎሚፌንና ሌትሮዞል ናቸው።

ክሎሚፌን በአሜሪካ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው። በአንጎል ላይ የኢስትሮጅን ሆርሞን መቀበያዎችን ይዘጋል። አንጎልም ኢስትሮጅን ያነሰ ስለሚመስለው እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ጨምሮ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ሌትሮዞል ደግሞ የኢስትሮጅንን መመረት ለአጭር ጊዜ በመቀነስ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ያደርሳል። ሌትሮዞል በመጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ሕክምና በመሆኑ በማሸጊያው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ስለ ካንሰር ይናገራል። ይህን ያነበበች ሴት ሐኪሙ የተሳሳተ መድኃኒት እንዳዘዘላት ወይም ያልተነገራት ሕመም እንዳለባት ልታስብ አይገባም።

ሁለቱም ክኒኖች የሚጀመሩት በአብዛኛው ከዑደቱ 2ኛ እስከ 5ኛ ባለው ቀን ሲሆን ለ5 ተከታታይ ቀናት ይወሰዳሉ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እንቁላል በአብዛኛው የሚለቀቀው የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የመድኃኒቶቹ አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ መቼ እንደሚሆን የማይታወቀውን ቀን ወደ ተወሰነ ሳምንት ያመጡታል።

የወር አበባዋ ለወራት ያልመጣ ሴት የምትጀምርበት ቀን ስለማይኖራት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ እርጉዝ አለመሆኗን በምርመራ ካረጋገጠ በኋላ የወር አበባ የሚያመጣ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል።

ክኒኖቹ ውጤት ሳያመጡ ሲቀሩ እንቁላልን በቀጥታ የሚያሳድጉ የሆርሞን መርፌዎች አሉ። እነዚህ የሚሰጡት በስፔሻሊስት ሐኪምና በአልትራሳውንድ ክትትል ብቻ ነው። እንቁላሏ መብሰሏ ሲረጋገጥ እንድትለቀቅ የሚያደርግ ሌላ መርፌ ይሰጣል፤ ከዚህ መርፌ በኋላ እንቁላል የሚለቀቀው ከ36 እስከ 40 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ለምሳሌ መርፌው ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ቢሰጥ፣ እንቁላሏ የምትለቀቀው ረቡዕ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ይሆናል። ስለዚህ መርፌው የሚሰጥበት ሰዓት ሳይዛነፍ መከበር አለበት።

ቀኑ በተግባር እንዴት ይቆጠራል?

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጳጉሜን በስተቀር ሁሉም ወር 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው። የወር አበባዋ ጥቅምት 1 የጀመረና ከ3ኛው ቀን ክኒን እንድትጀምር የታዘዘላት ሴት በሚከተለው መልክ ልትቆጥር ትችላለች።

• ከጥቅምት 3 እስከ 7፦ ክኒኑ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል።
• ከጥቅምት 10 እስከ 18፦ ጥንዶቹ በየሁለት ቀኑ ግንኙነት ያደርጋሉ።
• ከጥቅምት 12 እስከ 17፦ እንቁላል ይለቀቃል ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው።
• ጥቅምት 21 አካባቢ፦ እንቁላል ተለቅቆ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሙ የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ምርመራው የሚደረገው እንቁላል ተለቅቋል ተብሎ ከታሰበበት ቀን 7 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው።
• ኅዳር 2፦ እስከዚህ ቀን የወር አበባ ካልመጣ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ምርመራው እርግዝና አለመኖሩን ካላረጋገጠ በስተቀር ሌላ ዙር ክኒን መጀመር አይገባም።

ይህ ቆጠራ ለባልየውም ጭምር የሚሆን ዕቅድ ነው። በሚኤሶና አካባቢዋ ከግመልና ከከብት ጋር ወደ ግጦሽ የሚሄዱ አርብቶ አደሮች፣ በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ አሽከርካሪዎችና ወደ ሩቅ ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ከቤታቸው ለሳምንታት ሊርቁ ይችላሉ። ሚስት ክኒኑን በአግባቡ ወስዳ ባል በእነዚያ ጥቂት ቀናት ከቤት ከራቀ ዙሩ ያለ ጥቅም ያልፋል። ስለሆነም ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ባል በቤት የሚገኝበትን ወር መምረጥና ይህንኑ ለሐኪሙ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በረመዳን ወቅት የሚጾሙ ጥንዶችም ሕክምናቸውን የሚያቋርጡበት ምክንያት የለም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ክኒን ከማፍጠሪያ በኋላ መውሰድ ይቻላል፤ ዋናው ነገር በአምስቱም ቀናት ተመሳሳይ ሰዓት መጠበቁ ነው።

የእርግዝና ዕድል ምን ያህል ነው?

የጤና ችግር የሌለባቸው ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከ100 ከ20 እስከ 25 ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር መድኃኒት አለማርገዝ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ችግራቸው እንቁላል አለመልቀቅ ብቻ ከሆነና ክሎሚፌን ከሚወስዱ 100 ሴቶች ውስጥ ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት እንቁላል ይለቃሉ። የሚያረግዙት ግን በበርካታ ዙሮች ተደምሮ 40 ገደማ ናቸው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እንቁላል መለቀቁ ለእርግዝና የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ እርግዝናው ራሱ አይደለም።

እንቁላል ላለመለቀቁ ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የተባለው የሆርሞን መዛባት ነው። የወር አበባ መራራቅ፣ በፊትና በሰውነት ላይ የጠጉር መብዛት፣ ብጉርና የክብደት መጨመር ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በአሜሪካ ይህ ችግር ባለባቸው 750 ሴቶች ላይ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት እስከ አምስት ዙር ክትትል አድርጓል። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ የሚሆኑት ልጅ ወልደዋል። ከዚህ በኋላ የወጡ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለዚህ ችግር ሌትሮዞልን ቀዳሚ ምርጫ አድርገዋል። ክብደቷ ከመጠን በላይ ለሆነ ሴት መጠነኛ የክብደት መቀነስም እንቁላል በራሱ እንዲለቀቅ ሊረዳ ይችላል።

ዕድሜ ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ ዕድሉን ይወስናል። ከ35 ዓመት በኋላ የእንቁላል ቁጥርና ጥራት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ክኒኖቹም ይህን አይመልሱም።

መድኃኒቶቹ የማይፈቷቸው ችግሮች

እርግዝና እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ እንቁላል መለቀቅ፣ ክፍት የማህፀን ቱቦና በቂ ጤናማ የወንድ ዘር። ከላይ የተገለጹት መድኃኒቶች የሚሠሩት በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።

የማህፀን ቱቦ መዘጋት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከመካንነት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። በአብዛኛው የሚመጣው በወቅቱ ካልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ በኋላ ከሚከሰት ኢንፌክሽን ወይም ጥንቃቄ ከጎደለው ውርጃ ነው። ቱቦዋ የተዘጋ ሴት ክኒን ወስዳ እንቁላል ብትለቅም እንቁላሉና ዘሩ አይገናኙም። ቱቦ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው የወር አበባ ካበቃ በኋላና እንቁላል ከመለቀቁ በፊት በሚደረግ ልዩ የራጅ ምርመራ ነው።

የወንዱ ድርሻም ቀላል አይደለም። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደምሮ ይገኛል። የዘር ምርመራ ደግሞ ሕመም የሌለውና ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ የቀለለ ነው። በመሆኑም ሚስት ክኒን ከመጀመሯ አስቀድሞ ባል መመርመር አለበት። ቀደም ሲል ወይም ከሌላ ሚስት ልጅ የወለደ ባልም ቢሆን ከዚህ ምርመራ ነፃ አይሆንም፤ የዘር ጤንነት በሕመም፣ በኢንፌክሽን፣ በሲጋራና በመድኃኒት ምክንያት ከጊዜ በኋላ ሊለወጥ ይችላልና። አዲስ ዘር ለመመረት ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ ሲጋራ ማቆምን የመሰለ ለውጥ ውጤቱ የሚታየው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። ጫት፣ አልኮልና የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ለሐኪሙ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

በሚኤሶና አካባቢዋ አገልግሎቱን ለማግኘት

1. መነሻው በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ጥንዶችን ወደዚያ ይመራሉ። ባልና ሚስት አብረው ቢቀርቡ ምርመራው በተደጋጋሚ ምልልስ አይጓተትም። ቢያንስ ያለፉት 3 ወራት የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ጽፎ መያዝ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው።

2. ከጤና ጣቢያው በሪፈራል ወደ ጭሮ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ለገለምሶ አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ ወደ ገለምሶ አጠቃላይ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግ በሐረር ሕይወት ፋና ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በድሬዳዋ ድልጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛሉ። ከጉዞው በፊት የተፈለገው ምርመራ በዕለቱ የሚሰጥ መሆኑን በላከው ጤና ተቋም በኩል ማረጋገጥ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

3. ለዘር ምርመራ የሚሄድ ባል ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ አለበት። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት፣ ሚኤሶ በሚገኝ መኖሪያ ቤት ተወስዶ ወደ ጭሮ መላክ የለበትም፤ ባልየው ራሱ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ እዚያው መስጠት ይኖርበታል።

4. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን መያዝ፣ የትኛው አገልግሎት በመድኑ እንደሚሸፈንም አስቀድመው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል።

5. ሚኤሶ ሞቃታማ ቆላ በመሆኗ የመድኃኒት አያያዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክኒኖች ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቀው ይቀመጣሉ። ከሆርሞን መርፌዎች ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ስለሚፈልጉ ከመጓጓዛቸው በፊት ፋርማሲስቱን ማማከር ያስፈልጋል።

ቱቦዎቿ ሙሉ በሙሉ የተዘጉ ወይም ባሏ በጣም ዝቅተኛ የዘር ቁጥር ያለው ሴት ከማህፀን ውጭ ጽንስ የማስገኘት ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ይህ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ደረጃ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይሰጣል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጡ ናቸው። በጎረቤት ምክር መውሰድ፣ የሌላ ሴት ማዘዣ መጠቀምም ሆነ ቶሎ ለማርገዝ ሲባል መጠኑን በራስ መጨመር አይፈቀድም። መጠን መጨመር ዕድሉን አያሳድግም፤ አደጋውን ግን ያሳድጋል።

የፊት መጋል፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋትና የስሜት መለዋወጥ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ቀላል የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። የዓይን ብዥታ ወይም የብርሃን ብልጭታ የታያት ሴት ግን ክኒኑን አቁማ ወዲያውኑ ሐኪም ማየት አለባት። ከባድ የሆድ ሕመም፣ በፍጥነት የሚጨምር የሆድ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠርና የሽንት መቀነስ፣ በተለይም ከመርፌ ሕክምና በኋላ፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው የአደጋ ምልክቶች ናቸው።

መንታ የማርገዝ ዕድልም ይጨምራል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ካረገዙት ውስጥ ክሎሚፌን በወሰዱት 7.4 በመቶ፣ ሌትሮዞል በወሰዱት 3.4 በመቶ መንታ ታይቷል። መንታ እርግዝና ያለ ጊዜው ለሚከሰት ወሊድና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ፣ በመድኃኒት እርዳታ ያረገዘች ሴት የእርግዝና ክትትሏን ሳትዘገይ መጀመርና በጤና ተቋም መውለድ ይኖርባታል። ለማርገዝ የምታቅድ ማንኛዋም ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ብትወስድ በጽንሱ ላይ የሚደርስን የኅብለ ሰረሰርና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ትቀንሳለች።

ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ያልተለመደ ጉዳት ሲያጋጥም መድኃኒቱን ለሰጠው ጤና ተቋም፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

ከ3 ዙር በኋላ እንቁላል ካልተለቀቀ ወይም እንቁላል እየተለቀቀ እስከ 6 ዙር እርግዝና ካልተፈጠረ ያንኑ ክኒን መቀጠል ተገቢ አይደለም። በዚህ ጊዜ ጥንዶቹ ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው ቀሪ ምርመራዎችን ማድረግና ሌላ የሕክምና አማራጭ መጠየቅ መብታቸው ነው። ለዚህም የተወሰዱትን ዙሮች፣ የክኒኑን ስምና መጠን፣ የወር አበባ ቀናትንና የምርመራ ውጤቶችን በአንድ ደብተር መዝግቦ ማቆየት ቀጣዩ ሐኪም ሕክምናውን ከመነሻው ሳይሆን ካለበት እንዲቀጥል ያስችለዋል።